የቢልጫ ሐሞት

ባለፈው ሳምንት ታቦር ሰፈር ውስጥ ባለች ትንሽ ክሊኒክ፣ በዕድሜ ልጄ ሊሆን የሚችል ሐኪም የደም ውጤቴን አይቶ ወረቀት ላይ ጉበት ሣለልኝ። ኮሌስትሮልዎ ከፍ ብሏል አለኝ። ጉበት ከኮሌስትሮሉ ከፊሉን ወደ ሐሞት ይቀይረዋል፤ ሐሞቱ አንጀት ወርዶ ቅባት እንዲፈጭ ያግዛል፤ ከዚያ አብዛኛው ተመልሶ ጉበት ይገባል። ዕድሜዬን ሙሉ ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሴት መሆኔን አልነገርኩትም።

ይህን ትምህርት መጀመሪያ ያስተማርኩት አጎቴን ነው። የኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ ግማሽ ምዕራፍ አንብቤ ሐኪም የሆንኩ የሚመስለኝ ጉረኛ። አጎቴ ባህል አዳራሽ አካባቢ ጨርቅ ይሸጡ ነበር። ክትፎ ቅቤ አንሶት ከቀረበላቸው እንደተሰደበ ሰው ይኮሳተሩ ነበር። ሐኪም ደምዎ ውስጥ ስብ በዝቷል ካላቸው ወዲህ ግን ፈርተው ነበር።

«ስቡን ምን ያወጣዋል፣ ዶክተሬ?» አሉኝ።

«ሐሞት ነዋ ጋሼ! ስብ የሚያሟሟው እሱ ነው።»

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ገና ጭቃ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ወረድን። ጥሬ ዓሣ በዳጣ በልተን ስናበቃ፣ አጎቴ ዓሣ የሚያጸዳውን ሰውዬ ቢልጫ ከሚባለው ዓሣ ሐሞቱን እንዲለይላቸው ጠየቁት።

«እኛ እኮ እንጥለዋለን ጋሼ። ሥጋው ላይ ከፈሰሰ ዓሣው ራሱ አይበላም።»

«የእህቴ ልጅ ተምራለች» አሉት። ወደ እኔ ዞሩ። «አይደል?»

ሰውየው ዓይን ዓይኔን አየኝ። «አዎ» አልኩ። በኩራት ነው ያልኩት፤ እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝም እሱ ነው። አጎቴ አረንጓዴዎቹን ከረጢቶች አንድ በአንድ ዋጧቸውና ለስላሳ ጠጡባቸው።

ከሰዓት በኋላ ያስመልሳቸው ጀመር። በማግስቱ ሽንታቸው ቆመ። የሆስፒታሉ ሐኪም ምን እንደበሉ ሲጠይቃቸው አልጋው አጠገብ ቆሜ ነበር። አዩኝ።

«ዓሣ ብቻ» አሉት።

እኔን ለማዳን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። እኔም ዝም አልኩ። በስድስተኛው ቀን አረፉ።

ሐሞት ከውጭ ሲጨመር ጉበት የራሱን መሥራት እንደሚቀንስ፣ ኮሌስትሮሉም እዚያው እንደሚቀር በዚያው ሴሚስተር አነበብኩ፤ ካቆምኩበት ሁለት ገጽ አለፍ ብሎ ነበር። የአንዳንድ ዓሣ ሐሞት ኩላሊት የሚገድል መርዝ መሆኑን ያወቅሁት ግን ከዓመታት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ያን ምዕራፍ ያስተማርኩት ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ነው። ተማሪዎቼ የጽሑፌ ነገር ያስጨነቀኝ ይመስላቸው ነበር።

«በቤተሰብ ይህ ችግር የነበረበት አለ?» አለኝ ወጣቱ ሐኪም።

ለባሌ እንኳ ያልነገርኩትን ለእሱ ሁሉንም ነገርኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ሐሞት መዋጣቸው ለሐኪሙ ተነግሮት ነበር?»

ስሸሸው የኖርኩት ጥያቄ ነው።

«አልነገርኩትም» አልኩ።

ቢነገረው ኖሮ ይድኑ ነበር ወይ ብዬ ግን አልጠየቅኩም። እንዳይመልስልኝ ፈራሁ።