ኦርቫል ያማረጠው ምላጭ

በኦሃዮ ገጠር ኦርቫል ፒኬትን የማያውቅ አጋዘን የለም፤ ጠመንጃ ይዞ ቢያዩትም ሣራቸውን ይጨርሳሉ ይባላል። ትራክተር ሲጠግን እጁ ወርቅ ነው። ጠመንጃ ሲይዝ ግን ያው እጅ የሰው ይሆንበታል። የአካባቢው የተኳሾች ክበብ በየኅዳሩ ኢላማ ያወዳድራል፤ ሽልማቱም የተጨሰ የአሳማ ታፋ ነው። ሦስት ዓመት በተከታታይ የወሰደችው የሚስቱ እህት ዊልማ ናት። ወስዳም ዝም አትልም፤ ለምስጋና በዓል እሱው ቤት ይዛው ትመጣና ከራሱ ገበታ ላይ ትቆርጥለታለች።

«ብላ እንጂ ኦርቫል፣ ስስ አድርጌ ነው የቆረጥኩልህ።»

ካምናው ሽንፈት በኋላ ጥፋተኛው ተገኘ፤ የጠመንጃው ምላጭ። ከፋብሪካ የመጣው ሻካራ ነዋ። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ባለ ሁለት እርከን ምላጭ ሲያማርጥ ከረመ፤ መጀመሪያ ልል ብሎ የሚመጣ፣ ከዚያ እንደ ግድግዳ ቀጥ የሚል፣ ትንሽ ሲጨምሩበት ደግሞ እንደ ስስ በረዶ ቀጭ የሚል። ሚስቱን ሲመርጥ እንኳ እንዲህ አልተጨነቀም፤ እሷም ይህን አልደበቀችውም። በመጨረሻ ከሁሉ የቀለለውን አነሳ።

«ለውድድር ከልክ በላይ ሳይቀል አይቀርም» አለው ባለሱቁ።

«ሐሳቤን አውቆ ይተኩስልኛል» አለ ኦርቫል።

ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ባዶ ጠመንጃውን ቴሌቪዥን ላይ ወዳለው የአየር ትንበያ አንባቢ እያነጣጠረ ቀጭ ያደርግ ጀመር። አንድም ቀን አልሳተውም።

የውድድሩ ቀን ዳኛው ክላይድ እንደ ልማዱ የእያንዳንዱን ባዶ ጠመንጃ አፈሙዝ ወደ ሰማይ አቁሞ ምላጩ ላይ አራት ፓውንድ ተኩል ክብደት አንጠለጠለ። ምላጩ ቀጭ ሳይል ያን ክብደት ከመሬት ካላነሳ መተኮስ የለም። የኦርቫል ግን ክብደቱ ከመሬት ሳይነሳ ቀጭ አለ።

«እስቲ ድገመው።»

ክላይድ ደገመው። ቀጭ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ቢያስነጥስህም ይተኩሳል። በዚህ አትገባም።»

ዊልማ ከመቶ ዘጠና ስምንት አምጥታ መነሳቷ ነበር። ጠመንጃዋን ዘረጋችለት። «እንካ በኔ ሞክር። ያው አንተ የጣልከው ዓይነት ምላጭ ነው፣ ሻካራው።»

ሰው ሁሉ እያየ እምቢ አይባልም። ተኝቶ አሥር ጥይት ተኮሰ። ክላይድ ቀዳዳዎቹን ደምሮ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሰባ አንድ። ያምናው ቁጥር፣ አንድ ሳይጨምር አንድ ሳይቀንስ።

ኦርቫል ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈ። ጠመንጃውን አገላብጦ አየው፤ ሰደፉን ትከሻው ላይ አድርጎ ለካ።

«ችግሩ ለካ እዚህ ጋ ነው» አለ። «ሰደፉ ያጥራል።»

ዊልማ ዘንድሮም የተሸለመችውን የአሳማ ታፋ በብብቷ ሸጉጣ ወደ መኪናዋ እየሄደች ነበር።

«ሰናፍጩን አንተ አዘጋጅ» አለችው።