ጣና በመጀመሪያው ቀን

መምህርት ሰገነት ባሕር ዳር ባለ አንድ ኮሌጅ ስለ ዓሣ ታስተምር ነበር። የትምህርት ዕቅድ ስታወጣ የምትጀምረው ከመጨረሻው ነው። «ተማሪዬ ሲጨርስ ምን እንዲችል እሻለሁ?» ትልና ሳምንታቱን ከዚያ ወደ ኋላ ትደለድላለች። መጨረሻው ምንጊዜም ጣና ነው። ተማሪዎቿ በታንኳ ወጥተው ቀረሶ የሚባለውን ዓሣ እንዲያጠምዱ፣ ቀረሶ ልጆቿን ከአደጋ አፏ ውስጥ ስትሸሽግ በዓይናቸው እንዲያዩ ትፈልጋለች።

ጣፋጩን ለመጨረሻ ማቆየት እኮ በደህና ዘመን ያምራል!

አንድ ዓመት ተማሪዎቹ ሐይቁን ሳያዩ የገበሬ ማኅበር አዝመራ እንዲሰበስቡ ተወሰዱ። በሚቀጥለው ዓመት ለሰፋሪዎች ጎጆ እንዲሠሩ ወደ መተከል ተጫኑ፤ እዚያው ወባ ያስቀረውም አለ። ያን ጊዜ ሰገነት አልቅሳለች። በሦስተኛው ዓመት ወንዶቹ ለውትድርና ሲጠሩ ግን «እሺ» ብቻ አለች። ጥቁር ሰሌዳውን አጥፍታ፣ እጇን ታጥባ ምሳዋን በላች።

መስከረም ጠባና አዲስ ዕቅድ አቀረበች። የክፍሉ ኃላፊ ጓድ አለበል አገላብጠው አዩት።

«ጓድ ሰገነት፣ ጣናን ለመጀመሪያው ቀን አደረጉት?»

«አዎን።»

«ገና ምንም ሳያውቁ ሐይቅ ወርደው ምን ይረዳሉ?»

«ጥቂት ይረዳሉ።»

«ታዲያ ለመጨረሻው ሳምንት ምን አስቀሩ?»

«ምንም አላስቀረሁም።»

«እንዴት?»

ሰገነት በመስኮቱ ወደ ሐይቁ እያየች፣ ድምጿን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ መለሰች።

«ማን ይቀርልኛል ብዬ?»