ባለ አምስት ፎቁ ኬክ

የልጄ ሰርግ ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆነው፤ የኬኩ የታችኛው ፎቅ ግን እስከ ዛሬ መኝታ ቤቴ፣ ቁምሳጥኑ አናት ላይ ተቀምጧል። የላይኛው ተቆርሷል፤ ኬክ ቤቶቹ ሌሎቹን ሦስቱን ጭነው ሲሄዱ ይህን ትልቁን ግን መኪናው አይበቃውም ብለው ተዉት። "ነገ መጥተን እንወስደዋለን" ብለውኝ ነበር። አሁን ስደውል አያነሱም፣ ሲያነሱም መኪናው ወጥቷል ይሉኛል፤ እኔም የሰው ዕቃ ነውና መጣሉን ፈርቼ በአሮጌ አንሶላ ሸፍኜ አስቀምጬዋለሁ። እንደ ከበሮ ክብ ነው፤ ላዩ በስኳር ተለስኖ ዙሪያውን የስኳር ጽጌረዳ ተለጥፎበታል፤ ውስጡ ግን ቴሌቪዥን ሲገዛ ከካርቶኑ የሚወጣው፣ ሲነኩት የሚንጫጫው ነጭ ፎም ነው። ጉንዳኖቹ ይህን አላወቁም። ከመስኮቱ ሥር ተሰልፈው ይወጣሉ፣ ላዩን ይልሳሉ፣ ትንሽ ቦርቡረው ይገባሉ፣ ከዚያ ግራ ገብቷቸው በመጡበት ይመለሳሉ። ትናንት አቧራውን ላራግፍ አንሶላውን ስገልጠው የቫኒላው ሽታ ፊቴን መታኝ፣ መጥረጊያውን እንደያዝኩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ያ ሽታ ለእኔ የእትዬ ዘውዴ ሽታ ነው።

እትዬ ዘውዴ ኮልፌ ባደግኩበት መንደር፣ ከእኛ አንድ ቤት አልፎ የሚኖሩ ጎረቤታችን ናቸው። በወጣትነታቸው ፈረንጅ ቤት ምግብ አብሳይ ሆነው ስለሠሩ፣ በመንደሩ ኬክ መጋገር የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ፈረንጆቹ ወደ አገራቸው ሲሄዱ የተውላቸውን፣ አውራ ጣት የምታህል የቫኒላ ጠርሙስ ሣጥን ውስጥ ቆልፈው ያስቀምጧትና የሚያወጧት ለሰርግ ብቻ ነበር። ክዳኗ በተከፈተ ቀን ሽታው አጥሩን አልፎ መንገድ ድረስ ይወጣል፤ እኛ ልጆቹም ኳሱን ጥለን በራቸው ላይ እንከማቻለን።

ታላቅ እህቴ አልማዝ ስታገባ እኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ዘመኑ ደርግ ነው፤ ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በካርድ ይታደላል፣ እናቶች የወሩን ስኳር በጣሳ አድርገው ከልጆች ይደብቁታል። የአንድ ቤት ስኳር ለኬክ አይበቃም። ስለዚህ በሰፈራችን ሰርግ ሲደርስ እያንዳንዱ ቤት ከወሩ ድርሻው አንድ ሲኒ ስኳር ያዋጣል። ማንም ስብሰባ ጠርቶ አልወሰነውም፤ እንዲያው ሲደረግ ያየነው ነገር ነው። የእህቴ ጊዜ ዞሮ መሰብሰቡ ለእኔ ደረሰኝ። ክዳን ያለው የአሉሚኒየም ድስት ታቅፌ ከቤት ቤት ስዞር ያየሁትን ሁሉ እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ፦ አንዷ ሲኒውን እስኪደፋ ትሞላዋለች፣ ሌላዋ በጣቷ አስተካክላ የተረፈውን ወደ ጣሳዋ ትመልሳለች፣ ስኳር ያለቀባት ባል የሞተባት ጎረቤታችን ሁለት እንቁላል በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ "ይኼ ነው ያለኝ በያት" ትለኛለች። መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ጣቴን ነክሬ ልሻለሁ፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እንደ እኔው የምትጨነቅ ሴት ነበረች። ሰው ምን ይለኛል ብላ ሌሊት የማትተኛ። ድስቱን ከእጄ ተቀብላ ወደ ጓዳ ገባች፣ ቆይታ ወጣችና ለእትዬ ዘውዴ አስረከበች። ሴቶቹ ግቢያችን ውስጥ ሽንኩርት እየላጡ ነው፤ እትዬ ዘውዴ በትልቅ ሳፋ ሊጡን መቱ፣ መቱና ትንሿን ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ። ማማሰያውን አስቀመጡት።

"አንቺ ሴት፣ የሰው ስኳር የት አደረስሽው?"

"ሁሉንም ሰጥቻለሁ፣ ገብርኤልን!"

"ገብርኤልን አታድክሚው። አልጋሽ ሥር ፈልጊ።"

ሽንኩርት ላጮቹ ዕንባቸውን እየጠረጉ በሳቅ ፈረሱ። እናቴ ፊቷ በርበሬ መስሎ ገባችና ከአልጋው ሥር ጣሳ ይዛ ወጣች። "ለአማቾቹ ሻይ ብዬ እኮ ነው፤ ሻያቸው መራራ ከሆነ ልጄን ያሙብኛል" አለች።

"አማቾችሽ በጨው ይጠጡት! ይኼ የሰፈር ሰው ኬክ ነው።"

እናቴም ዝም አላለችም፣ እሷም የበኩሏን መለሰችላቸው፣ አንድ ግቢ ሙሉ ሰው እየሰማ ተሰዳደቡ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ግን ሁለቱ የትሪውን ሁለት ጫፍ ይዘው፣ እየተነጫነጩ፣ ሊጡን ወደ ዳቦ ቤቱ ምድጃ ሲወስዱት ከኋላቸው ተከትያለሁ። ኬኩ ሦስት ፎቅ ሆኖ ተደራረበ። መካከለኛው ወደ ግራ አዘንብሎ ነበርና አጎቴ ሙሽሮቹ እስኪቆርሱት ድረስ ጣቱን ደግፎ ቆመ። ለእያንዳንዱ ሰው የክብሪት ቀፎ የምታህል ቁራሽ ደረሰች፤ በዳቦ ቤቱ ምድጃ ስለተጋገረች የዳቦ ጣዕም ነበራት። እኔ ቁራሼን ይዤ የማንኛዋ ጎረቤት ስኳር እንደ ደረሰኝ ሳስብ ቆይቼ፣ እንቁላል የሰጠችው ሴት ድርሻ ነው ብዬ ወስኜ በላሁት።

ልጄ ሄለን ልታገባ ስትነሳ በልቤ የነበረው ይኸው ነው። አዳራሹ፣ ቬሎው፣ መኪናው እንደ ፈቀደች ይሁን፤ ከሰፈሬ ሰው ግን ኬክ ሳይቀምስ የሚወጣ አይኑር። ሌላ ነገር አልጠየቅኩም።

ከ18 ማዞሪያ ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ፣ ፎቅ ላይ ያለ ኬክ ቤት ይዛኝ ሄደች። የምታስተናግደን ልጅ ኬክ አላሳየችንም፤ የኬክ ፎቶ ነው በእጇ በያዘችው ታብሌት እያንሸራተተች ያሳየችን። ነጭ ምረጡ አለችን፤ ነጩ ግን ስድስት ዓይነት ነጭ ሆኖ ስሙ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ለእኔ ሁሉም ያው የታጠበ ነጠላ መሰለኝ። ሄለን አንዱን መረጠች፣ በሳምንቱ የሚዜዎቿ ቀሚስ ቀለሙ ተለወጠና ተመልሰን ሌላ ነጭ መረጥን፣ በሌላው ሳምንት ደግሞ ኔትዎርክ የለምና ፎቶው አይከፈትም ተብለን ደረጃውን ወጥተን ወረድን። ጉልበቴን ያመኛል። በአራተኛው ምልልሳችን ባለ አምስት ፎቁን ስትወስን ትዕግሥቴ አልቆ ጠየቅኩ።

"የኔ ልጅ፣ ይኼ ለስንት ሰው ይበቃል?"

"ለስንት ሰው ፈልገው ነው፣ ማዘር?"

"ለጠራነው ሁሉ ነዋ!"

ልጅቷ ሳቀች፤ ክፋት የለባትም፣ እንዲሁ ሳቀች። "ማዘር፣ የሚበላው እኮ የላይኛው ብቻ ነው። አራቱ ፎም ናቸው።"

ለናሙና ወደ ቆመው ሄጄ በጣቴ አንኳኳሁት። ባዶ ጀሪካን ሲመታ ያለውን ድምፅ አሰማኝ። ሄለን አፍራ ክንዴን ጎተተችኝ። "እማዬ፣ በናትሽ! አሁን ሰው ኬክ አይበላም፣ ፎቶ ነው የሚያነሳው።"

"እትዬ ዘውዴ ፎቶ ያነሳሉ?"

"እሳቸው ስኳር ይበሉ ይሆን እንዴ በዚህ ዕድሜያቸው?"

እኔም አልለቅም ብዬ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። አምስቱም እውነተኛ ይሁኑ ስል ክብደቱን አይችልም፣ መንገዱም ያፈርሰዋል አሉኝ። በመጨረሻ ልጅቷ ራሷ መላ አመጣች፤ ለእንግዳ የሚሆን ተራ ኬክ በትሪ ተጋግሮ ይመጣል፣ ከጓዳ ተቆርጦ ይቀርባል፣ ፎቁ ለፎቶ ትሪው ለሆድ። ያን ቀን እፎይ ብዬ ደረጃውን ወረድኩ። ወደ ቤት ከመግባቴ በፊት እትዬ ዘውዴን ልጠራ ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሟል፣ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። "ኬኩን ቀምሰው ይፈርዱልኛል" አልኳቸው። "ጥርስ ባይኖረኝ ምላስ አለኝ፤ እንዳላዋርድሽ ተጠንቀቂ" አሉኝ። እየሳቅኩ ወጣሁ።

የሰርጉ ዕለት ትሪዎቹ በሰዓታቸው መጡ፤ ኬክ ቤቱን በዚህ አላማውም። የአስተናጋጆቹ አለቃ ጓዳው በር ላይ ጠራኝና ከየት እንጀምር አለኝ። በእኛ ወግ የወንድ ወገን እንግዳ ነው፤ ቀድሞ ይስተናገዳል፣ ቅር ካለው ልጅሽ ዕድሜ ልኳን ትሰማዋለች። ሳላስብ አፌ ላይ የመጣው ይኸው ነበር። "ከወንዱ ወገን ጀምሩ፣ በደንብ አድርጋችሁ" አልኩት። እንዳይረሳ ብዬ ደግሜ ነገርኩት። ታዘዙኝ። ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት እያደረጉ ፊት ለፊት ያለውን አዳረሱ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ግቢዬ ውስጥ ሽንኩርት ሲከትፉ የሰነበቱት የሰፈሬ ሴቶች ወደ ተቀመጡበት ኋላ ሲደርሱ ትሪው ላይ ፍርፋሪ ነበር የቀረው። ባዶውን ትሪ አይቼ በወንዱ ወገን ጠረጴዛዎች መካከል እንደ እብድ ዞርኩ። አንዴ ተገምጦ የተተወ፣ ሶፍት የተሰካበት፣ የለስላሳ ጠርሙስ የተቀመጠበት ኬክ ሞልቷል። ያን አንስቼ ለጎረቤት አልሰጥ ነገር! ሄለን ከመድረኩ "እማዬ፣ ነይ ፎቶ!" እያለች በእጇ ትጠራኛለች።

ሰው መውጣት ሲጀምር እትዬ ዘውዴ ወንበራቸው ላይ ጠበቁኝ። "እስቲ ኬኩ ጋ ውሰጂኝ" አሉ። አልቋል ሳልላቸው እጃቸውን ይዤ ወሰድኳቸው። የላይኛው ተቆርሶ ወደ ሙሽሮቹ ጠረጴዛ ሄዷል፣ አራቱ አምረው ቆመዋል። ጎንበስ ብለው አሸተቱት። ከዚያ ጣታቸውን ዘርግተው የሁለተኛውን ጎን ቀስ ብለው ጫኑት። ተንጫጫ። ጣታቸው እዚያው ቆየ። እኔ "አንቺ ሴት!" የሚለውን ጠበቅኩ፤ አዳራሹ ሙሉ ሰው እየሰማ ይውረድብኝ፣ ይገባኛል ብዬ ጠበቅኩ።

ጣታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። "ጥሩ በስሏል ልጄ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አሉና ምርኩዛቸውን ጠየቁኝ።

ታክሲ ላይ አሳፍሬያቸው ስመለስ የተናደድኩትን መናደድ ለማንም ማስረዳት አልቻልኩም። ልጄን ብነግራት "ታዲያ ምን አሉሽ? አመሰገኑሽ እኮ" አለችኝ። አልማዝም በስልክ ያንኑ ደገመችልኝ። እትዬ ዘውዴ እናቴን ሰው ፊት ያዋረዱ ሴት ናቸው፤ እናቴ ሞታ እንኳ ሬሳዋ ራስጌ ቆመው ሕመምሽንም እንደ ስኳሩ ደብቀሽ ሄድሽ ብለው የተቆጧት። በዚያ ሰፈር ሰው ሰውን የሚሰድበው ስኳሩ ሊጥ ውስጥ ስላለ ነበር። በእኔ ኬክ ውስጥ የማንም ሲኒ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም፣ መጠየቅም አላሰብኩም። እሳቸውም እንደ ማንኛውም ተጋባዥ ደጋሿን አመስግነው ወጡ። ለአንድ ቀን ለሚያውቁት ሰው የሚሰጠውን መልካም ቃል ሰጡኝ።

በማግስቱ ከዚያው ኬክ ቤት ትንሽ እውነተኛ ኬክ ገዝቼ ቤታቸው ሄድኩ። ገና በር ላይ ብድግ ብለው ተቀበሉኝ፣ ለምን ተቸገርሽ አሉኝ፣ ትራሱን አራግፈው እንድቀመጥ አደረጉኝ። ቁራሹን በሻይ እየነከሩ ጨረሱት። ክሬሙ ለእኔ እንኳ ጉሮሮ የሚይዝ ነበር። ሳህኑን አስቀምጠው አፋቸውን እስኪጠርጉ፣ አንድ ነገር ይሉኝ ይሆናል ብዬ ጆሮዬን አቁሜ ተቀመጥኩ። ስለ ሙሽሮቹ መረቁ፣ ስለ አዳራሹ አደነቁ፣ ሲመሽም ምርኩዛቸውን ይዘው እስከ አጥሩ በር ሸኙኝ፣ እዚያም ደግመው አመሰገኑኝ። ስኳሩ በዝቷል እንኳ አላሉኝም።