«አቋርጣለች» ይላል

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የመረጃ ባለሙያ ሆኜ ስቀጠር ሥራው ሰንጠረዥ መሙላት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ስንት ተማሪ ገባ፣ ስንቱ አለፈ፣ ስንቱ አቋረጠ የሚለውን ከሬጅስትራር አውጥቼ ለአመራሩ እልካለሁ፤ እነሱ ያንን ይዘው ይወስናሉ። ምን እንደሚወስኑ ጠይቄም አላውቅ።

አንድ ጊዜ ብዙ ተማሪ የሚያቋርጥበትን ትምህርት ክፍል ለይቼ እንድልክ ታዘዝኩ። ላክሁ። አመራሩ ያንን ክፍል ሊዘጋው ላይኛው ከተማ ሴቻ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ እንደተሰበሰበ የሰማሁት በስብሰባው ዕለት ጠዋት ነው።

በዚያው ጠዋት አንዲት ተማሪ የተማሪነት ማስረጃ ፈልጋ ቢሮዬ መጣች። የምትማረው እዚያው ክፍል ነው። ስሟን ሲስተሙ ውስጥ ሳስገባ «አቋርጣለች» ይላል።

«አንቺ እኮ አቋርጠሻል» አልኳት።

«ኧረ እኔ አላቋረጥኩም! አምና ታምሜ ዊዝድሮው ሞልቼ ለጊዜው ወጥቼ ነበር፤ ዘንድሮ ተመልሻለሁ። አሁንም ከፈተና መውጣቴ ነው።»

የላክሁትን ዝርዝር ከዘንድሮው ምዝገባ ጋር አስተያየሁት። እንደሷ የተመለሰ ሌላ አገኘሁ፤ ከዚያም ሌላ። ሲስተሙ ተመላሾቹን ዛሬም እንዳቋረጡ ነው የሚቆጥራቸው። እኔም ሳላጣራ ልኬዋለሁ።

ስብሰባው ላይ ያለው አለቃዬ ጋ ደወልኩ፤ አያነሳም። ደግሜ ስደውል ዘጋብኝ። ዝርዝሩን አትሜ ወደ ታችኛው ከተማ ሲቀላ ወረድኩና የሴቻ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። አይንቀሳቀስም።

«ወንድሜ፣ እባክህ እንሂድ» አልኩት ሾፌሩን።

«አንድ ሰው ነው የቀረን፣ እህቴ።»

ዳገቱን ስንወጣ የማስበው ስለ ክፍሉ አልነበረም፤ ስለ ራሴ ነበር። የሙከራ ጊዜዬ ገና አላለቀም። ዝም ብል ማን ያውቃል? ይህን ማሰቤ ራሱ አስፈራኝ።

አዳራሹ ስደርስ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ጡረታ የተቃረቡ ሰው፣ ቆመው ይለምናሉ። ሰብሳቢው «ቁጥሩ ግልጽ ነው እኮ» ይላሉ። አጎንብሼ አለቃዬ ጋ ሄድኩና ወረቀቱን ሰጠሁት።

«አሁን ነው የምትነግሪኝ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«አሁን ነው ያወቅሁት።»

ወረቀቱን ገልጦ አየና ተነሣ። «ይቅርታ፣ ያቀረብነው መረጃ ስህተት አለበት።»

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሩ። «ትክክለኛው ስንት ነው?»

«አላውቅም» አልኩ። «ሌላ የተሳሳተ ቁጥር ልናገር አልፈልግም። ጊዜ ስጡኝ።»

ውሳኔው ለሌላ ቀን ተላለፈ። ከኃላፊው ጋር የተማሪዎቹን ፋይል አንድ በአንድ ገለጥን። «ይቺ አለች፣ ትናንት አስተምሬያታለሁ፤ ይሄኛው ግን እውነትም ሄዷል» እያሉ ያርሙኛል። ስንጨርስ ክፍሉ ብዙ ተማሪ ከሚያቋርጥባቸው ክፍሎች ሰንጠረዥ አናት ወረደና ሳይዘጋ ቀረ። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ከሥራ ግን አልተባረርኩም።

አንዱ ሲወርድ ሌላው አናት ላይ መውጣቱ አይቀርም። የዚያኛው ክፍል ኃላፊ፣ በእኔ ዕድሜ ያለች መምህርት፣ በሳምንቱ ቢሮዬ መጣች። አልተቀመጠችም።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ።

«ሦስት ጊዜ አጣርቻለሁ» አልኳት።

ስትወጣ በሩን ዘጋሁና እንደገና ከመጀመሪያው ስም ጀመርኩ።