የአንድ ሰርግ ክብደት

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲኬድ፣ የበርበሬው ማሳ አልቆ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ላይ ወደ ግራ የሚታጠፍ የጋሪ መንገድ አለ። በዚያ አገር ጥር ከገባ ዳስ የማይጣልበት ሰንበት የለም፤ ዳስ በተጣለበት ሁሉ ደግሞ አጋፋሪው ገነነ ነው። እንግዳን ከደጅ ተቀብሎ ማን ከማን ጎን እንደሚቀመጥ፣ ማን ከማን ጋር ከአንድ ገበታ እንደሚቆርስ የሚወስነው እሱ ነው። መሬቱ ከጎረቤቶቹ መሬት አይሰፋም፤ በሬዎቹም እንደ ማንም ሰው በሬዎች ናቸው። ቀጭኗን የወይራ ዘንግ ይዞ ዳስ ደጃፍ ላይ ሲቆም ግን ቁመቱ ይጨምራል፤ ድምፁም እንደ ማለዳ ደወል ይጠራል።

ለሰርግ ሲጠራ መጀመሪያ የሚጠይቀው የእንግዳውን ብዛት አይደለም።

«ያኮረፈ አለ?» ይላል። «የታረቀስ? እርቁ ልብ ገብቷል ወይስ ገና ከአፍ ላይ ነው?»

ይህን ከሰማ በኋላ የሚስቱን የአልጣሽን ሰፌድ ያወርዳል። ለካህናቱ ነጭ ባቄላ፣ ለሽማግሌው ሽምብራ፣ ለጎልማሳው በቆሎ፣ ላኮረፈው ደግሞ ደረቅ በርበሬ። እህሉን በሰፌዱ ላይ እየደረደረ ዳሱን በዓይነ ኅሊናው ይሞላዋል። አንዱን አስቀምጦ ሌላው አልገጥም ሲል የመጀመሪያውን መልሶ ያነሣል። ያቺ ማንሣት ናት የእሱ ሚዛን። እጁ ሳይመለስ ዳሱ ከሞላ «ይቺ ላባ ናት» ይላል። ደጋግሞ ካነሣና ካስቀመጠ ላብ ላብ ይለዋል፤ «ይቺስ ወፍጮ ናት» ብሎ አንገቱን ይነቀንቃል።

«አያ ገነነ፣ እንግዳዎ ሁሉ ሰፌዴ ላይ አድሮ እኔ የሽሮ እህሌን በምን ላበጥር?» ትለዋለች አልጣሽ።

«ታገሽኝ እስቲ። እዚህ ስሳሳት እህል ነው የማነሣው፤ ዳሱ ውስጥ ስሳሳት ሰው ነው የማነሣው።»

የተቀመጠን ሰው «ተነሥ» ማለት በዚያ አገር ትንሽ ነገር አይደለም። ከገበታ የተነሣ ሰው የሚነሣው ከአግዳሚው ላይ ብቻ አይደለም። ገነነ አጋፋሪ በሆነበት ዘመን ሁሉ ያስነሣው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያም ክንፈሚካኤል ነው።

ክንፈሚካኤል የልጅነት ጓደኛው ነበር። ገነነ ሲያስቀምጥ ክንፈሚካኤል ይዘፍን ነበር፤ አንዱ ዳሱን በሰው፣ ሌላው በዜማ ይሞሉታል። አንድ ጥር፣ ዳሱ ጢም ብሎ ሳለ፣ አንድ የተከበረ እንግዳ ከከተማ ዘግይቶ መጣ። ገነነ ዓይኑን ዳሱ ላይ አንከራተተ። ማንን ላስነሣ? ቅር የማይለው፣ የሚቀልለው ማን ነው? ዓይኑ ክንፌ ላይ አረፈ። ወዳጄ ነው፣ ይገባዋል ብሎ ትከሻውን ነካው። ክንፈሚካኤል ተነሣ፤ ነጠላውን አጣፋ፤ ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከገነነ ጋር እህል አልቀመሰም፤ ገነነ በቆመበት ዳስም አልዘፈነም። ከሁሉ ይቀላል ያለው ሰው ከሁሉ የከበደ ሆኖ ተገኘ።

ገነነ በሬ ሲፈታ፣ ብቻውን መስሎት፣ ይህችን ያንጎራጉር ነበር፦

ዳሱ ሰፊ ነበር ላገር የሚበቃ፣
አንድ ሰው ቢጎድለኝ ልቤ ባዶ ዕቃ።

አሁን የራሱ ልጅ ልትዳር ነው። ሥርጉት ቡሬ ካለው ካምፓስ ኮምፒዩተር ታስተምራለች፤ ከዚያም በላይ ለመማር ጥናት ይዛለች። ቅዳሜ ከሚኒባስ ወርዳ፣ ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልላ ስትገባ፣ አባቷን ሰፌዱ ላይ እንዳቀረቀረ አገኘችው።

«አባዬ፣ የኔን ሰርግ ነው የሚደረድሩት?»

«ያንቺን ነው። ነይ እዪ፣ አንድ ጊዜም እጄን አልመለስሁ። ላባ ነው ሰርግሽ!»

ሥርጉት ሳቀች። ቁርበቱ ላይ ቁጭ ብላ ላፕቶፑን ከፈተች። ጥናቷ ምን እንደሆነ አባቷ ደጋግሞ ጠይቋት፣ ማስረዳቱ አቅቷት ነበር፤ ዛሬ ሰፌዱን ስታይ አፏ ተፈታ።

«ሰው ሁሉ ‹ይህ ዓይነት ጥያቄ ከባድ ነው› እያለ በጅምላ ነው የሚናገር፣ አባዬ። እኔ የማጠናው አንዲቷን ነው። ይቺ፣ እጄ ላይ ያለችው ጥያቄ፣ እሷ ራሷ ምን ያህል ትከብዳለች? ኮምፒዩተሩ መልስ ሲፈልግ ያስቀመጠውን ስንት ጊዜ መልሶ እንዳነሣ እቆጥርበታለሁ።»

«እህ! እሱም ያነሣል?»

«ያነሣል እንጂ! እንደ እርስዎ ላብ አያልበውም እንጂ ይሞቃል።»

ገነነ ደስ አለው። «ታዲያ ነግሮሽ ይሆናል፣ ሁሉ የሚዋደድበት ሰርግ ቀላል ነው፤ እንዳመጣጡ ማስቀመጥ ነው። ሁሉ የተኳረፈበትም ቀላል ነው፤ አይሆንም ብሎ ሁለት ዳስ መጣል ነው። ወገብ የሚሰብረው መሐሉ ነው፤ የሚሆን የሚመስለው፣ ደግሞም የማይሆን የሚመስለው።»

«ይኸው፣ ይኸው!» ብላ በስክሪኑ ላይ እንደ ኮረብታ ከፍ ብሎ የሚወርድ መስመር አሳየችው። «ጫፍና ጫፉ ዝቅ ያለ፣ መሐሉ ተራራ። እኔ ይህን ለማየት ስንት ወር ፈጀብኝ መሰለዎት፤ ለምን እንደዚህ እንደሆነ ግን እስካሁን እየፈለግሁ ነው።»

«እኔም ለምን እንደሆነ አላውቅ። መሆኑን ነው የማውቀው።»

አባትና ልጅ ተያይተው ሳቁ። ከዚያ ሥርጉት ሰፌዱን ወደ ራሷ ስባ አንድ በአንድ ተመለከተች። እጇ ከላይ፣ ከክብር መደቡ ላይ ቆመ።

«አባዬ፣ እርስዎስ የት ነዎት?»

«እኔማ ደጃፍ እቆማለሁ።»

«በልጅዎ ሰርግ?»

ገነነ ሰፌዱን መልሶ አየ። ስንቱን ሰርግ ሲደረድር ራሱን ቆጥሮ አያውቅም፤ አጋፋሪ አይቀመጥማ። የሙሽራ አባት ግን ይቀመጣል። የሚቀመጠውም ከክብር መደቡ ላይ፣ ከሙሽራው አባት ጎን፣ ከአንድ ገበታ ነው። የሙሽራው የቴዎፍሎስ አባት በሕይወት የለም፤ አባት ሆኖ ያሳደገው አጎቱ ነው። አጎቱ ደግሞ ክንፈሚካኤል። ለሽምግልና እንኳ ሰው ልኮ እንጂ ራሱ አልመጣም፤ ለሰርጉ ግን አይቀርም፤ ልጁ ነዋ።

ሥርጉት አባቷንና ክንፈሚካኤልን ከአንድ ገበታ አድርጋ ላፕቶፑ ውስጥ አስገባችና ቁልፉን ተጫነች። ገነነ መንቀሳቀሱን ለማየት ጎንበስ ቢል ማሽኑ ወዲያው ጨርሷል።

«ምን አለ?»

«መልስ የለውም አለ» አለች ቀስ ብላ። «አንድም ጊዜ አላነሣም። ለእሱ ይቺ ከሁሉ የቀለለች ናት።»

ገነነ ከመደቡ ስፍራ ያስቀመጣትን የክንፈሚካኤልን ደረቅ በርበሬ በጣቱ ነካ፤ ሌላ በርበሬ አንሥቶ ከጎኗ አደረገ፤ ይቺ ራሱ ናት። ረጅም ጊዜ አያቸው። ከወፍጮውም ወፍጮ ነበር።

«ሽማግሌ እንላክበት?» አለች አልጣሽ ከጓዳ ብቅ ብላ።

«ያስነሣሁት እኔ ነኝ፤ ሽማግሌ ምን ያደርግልኛል» አለና ሰፌዱን እህሉን ሳያራግፍ ሊሰቅል ሲል አልጣሽ ጮኸች፤ ባቄላው ተበተነ፤ ሦስቱም እየሳቁ ለቀሙ።

የሰርጉ ቀን ዘንጉን ለጎረቤቱ ለስመኘው ሰጠው። ስመኘው እንግዳ ሲያስቀምጥ ዓይኑ ወደ ገነነ ነበር፤ ገነነም ከመደቡ ላይ ሆኖ በቅንድቡ ይመራዋል። ሙሽሮቹ ከገቡ በኋላ ክንፈሚካኤል ከዳሱ ደጃፍ ታየ፤ ነጭ ለብሷል፣ ሽበት ወሮታል። መደቡን አየ። ገነነን አየ። ከበሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ጫፍ ሊቀመጥ ጎንበስ አለ።

የዳሱ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ሁሉም ያውቃል።

ያን ጊዜ ገነነ ተነሣ። የሙሽራ አባት ከገበታ ተነሣ! ዳሱን አቋርጦ ሄደ፤ የክንፈሚካኤልን እጅ ይዞ እየመራ መጣ፤ በራሱ ስፍራ፣ አልጣሽ ባነጠፈችለት ጋቢ ላይ አስቀመጠው። ጎንበስ ብሎም ጉልበቱን ነካ።

«ያን ቀን መነሣት የነበረብኝ እኔ ነበርሁ፣ ክንፌ» አለ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። ወደ ደጃፉ ተመለሰና ዘንጉን ከስመኘው እጅ ተቀበለ።

ክንፈሚካኤል ገበታውን አየ። የሁለት ሰው እህል ነው።

«አንተ ሰውዬ!» ብሎ ተጣራ። «እንጀራውን ሁሉ ለእኔ ትተህ በቁንጣን ልትገድለኝ ነው?»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ገነነ ግን ዘንጉን እንደያዘ ከደጃፉ አልተንቀሳቀሰም። ያን ጊዜ ከመደቡ ላይ፣ ስንት ዓመት ያልተሰማ ድምፅ፣ መጀመሪያ ሻከር፣ ቀጥሎ ለስለስ እያለ ወጣ፦

ያስነሣኝ ወዳጄ ዛሬ ተነሣልኝ፣
ምን ያደርጋል መደብ እሱ ይቅረብልኝ።

ሴቶቹ እልል አሉ፤ ከበሮው ተቀበለ፤ ወጣቱ አቧራውን አስነሣው። ክንፈሚካኤል ጋቢውን ሰብስቦ ጠጋ አለ፤ ከጎኑ የአንድ ሰው ቦታ ወጣ። ገነነ ሄዶ ተቀመጠ። የመጀመሪያውን ጉርሻ የቱ እንዳጎረሰ አልታወቀም፤ ሁለቱም እጃቸው በአንድ ጊዜ ነው የሄደው።

በመልሱ ሰሞን ሥርጉት ከባሏ ጋር መጥታ ከአባቷ እግር ሥር ቁጭ አለች።

«አባዬ፣ ለጥናቴ ነው፤ እስከዛሬ ስንት ሰው አስነሥተዋል?»

«አንድ ነበር» አለ ገነነ። ከደጅ የክንፈሚካኤል ሳል ይሰማል፤ በሬ ሊዋዋስ መጥቶ ነው። ገነነ ሊቀበለው ብድግ አለ። «አሁን ሁለት በዪው። ሁለተኛው እኔ ነኝ።»