ጋቦዴ መሬት ሲንቀጠቀጥ

ከባድ መኪና አልፎ የመስኮቴን መስታወት ባንቀጠቀጠው ቁጥር በሰው አገር የኖርንበት ሰፈር፣ ጋቦዴ፣ ትዝ ይለኛል። እናቴ እዚያ ሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ አብሬያት እኖር ነበር። አሠሪዋ ማዳም ስትወጣ በሩን ከውጭ ትቆልፍብን ነበር።

አንድ ቀን መሬቱ ተንቀጠቀጠና ማዳም ከአርዱኮባ እሳተ ገሞራ ያመጣችው ጥቁር ድንጋይ ከመደርደሪያው ወደቀ። እናቴ ጠረጴዛ ሥር ከተተችኝና በሩን መደብደብ ጀመረች።

«ቁልፍ የለኝም፣ ልጄ» አላት የቤቱ ዘበኛ፣ አንድ አፋር ሽማግሌ፣ ከውጭ ሆኖ። «አይዞሽ፣ እሳቱ መውጫ ሲፈልግ ነው።»

የቀለጠ ድንጋይ ከወለሉ ሥር የሚፈስ መስሎኝ እግሬን ሰበሰብኩ። እናቴ ግንባሯን በሩ ላይ አስደግፋ፣ «እሱስ ያገኛል» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም።

ማዳም መጥታ በሩን ስትከፍት እናቴ ሻንጣችንን አዘጋጅታ ነበር። እጄን ይዛ አለፈቻት፤ ካርቲየ 6 የሚባል ሰፈር ያገሯ ልጅ ዘንድ ገባን።

ዛሬ ያን ቀን ለምን ጥለን እንደወጣን ስጠይቃት፣ «ቤቱ ይሞቅ ነበር» ብላ ታልፈዋለች።