ሸርጣኑና ጠረጴዛው

በቡዌናቬንቱራ ወደብ፣ ሆዳቸው ተከፍቶ የተሰፋ ሰዎች በሚተኙበት ክፍል ሃያ ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። ከዶክተሮቹ ሁሉ አብልጬ የማከብረው የጽዳት ሠራተኛችንን ኤውዶሲያን ነው። ዶክተሮቹን ከከፋቸውም ይክፋቸው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆዱ የተሰፋ ሰው ሕመሙን ፈርቶ አያስልም። ካላሳለ ደግሞ አክታው ሳንባው ውስጥ ይቀመጥና ይገድለዋል። እኛ «አስል!» እያልን እንጮሃለን፤ ማን ሰምቶን! ኤውዶሲያ ግን መወልወያዋን ግድግዳ ታስደግፍና፣ ከቡትቶ የሰፋቻትን ትንሽ ትራስ፣ ስፌቱን እንድትደግፍለት፣ ሰውየው ሆድ ላይ ታስቀምጣለች።

«አጥብቀህ እቀፋት፣ ልጄ። የባሌን የሊቦሪዮን ጉድ ላውራህ።»

የሊቦሪዮ ጉድ አያልቅም። በተለይ የሸርጣኑ! ለሾርባ የተገዛ ሸርጣን ከድስት አምልጦ ወለሉ ላይ ሲሮጥ፣ ያ ግንድ የሚያህል የወደብ ተሸካሚ ባሏ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ «እናቴ ድረሺልኝ!» ይላል። በሽተኛው ይስቃል፣ ትራሷን አቅፎ ኤውዶሲያን ይራገማታል፣ ሳቁ ሳል ይሆናል፣ አክታው ይወጣል። ስንቱ በዚህ ወሬ በእግሩ ወጥቶ ቤቱ ገብቷል።

አንድ ማክሰኞ ሊቦሪዮ ራሱ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ መጣ። ዘግይቶ ነበር። ከተሰፋ በኋላ ትራሷን አቅፎ ሳሉን ዋጠ። ሐሙስ ዕለት ትንፋሹ ኸር ኸር ማለት ጀመረ፤ ዶክተሩም «ዛሬ ካላሳለ ነገን አያይም» አለ። ኤውዶሲያ አጠገቡ ቆመች። ምን ብላ ታስቀው? ቀልዷ ሁሉ እሱ ነው።

ጎረቤት አልጋ ላይ የተኛው ሽማግሌ፣ ዶን ኤቫንሄሊኖ፣ ሰውየው ማን መሆኑን አያውቅም።

«ወንድሜ፣ የዚህችን ሴት ባል ጉድ አልሰማህም?» አለው። «ሸርጣን ፈርቶ ጠረጴዛ ላይ ወጣ እኮ!»

ሽማግሌውን አፉን ብጠረቅመው ደስ ባለኝ! ሊቦሪዮ ቀስ ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«አንቺ! ጠረጴዛ ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ?»

«እንግዲህ… የሆነ ሰው ወጥቷል» አለች።

«አይ ቀጣፊ! ሸርጣኑን የያዝኩት እኔ፣ ጣቴን ያስነከስኩት እኔ፤ ቀሚስሽን ሰብስበሽ ጠረጴዛ ላይ ስትጮሂ የነበርሽው አንቺ!»

ከዚያ ሳቁ መጣ። ሳቀ፣ አነባ፣ አሳለ፣ ያ ክፉ ነገር ከደረቱ ወጣ። እኔም እንደ እብድ አጨበጨብኩ።

ምን ዋጋ አለው፣ የፈነዳው አንጀት መርዝ ደሙ ውስጥ ገብቶ ኖሯል። ሰኞ ጠዋት ሞተ። ሳቅ የሰጠው አራት ቀን ነው፤ አራቱንም ቀን ጠረጴዛው ላይ ማን እንደወጣ ሲጨቃጨቁ ዋሉ።

ኤውዶሲያ ዓይኑን ከደነችለት። ትራሷን ከክንዱ መሃል ቀስ ብላ አወጣች።

«ኧረ አብራው ትቀበር!» አልኳት።

«እሱ መተንፈሱን ጨርሷል» አለችኝ። «ሰባት ቁጥር ገና አልጨረሰም።»

ሰባት ቁጥር አልጋ ላይ የተኛው ትናንት የተሰፋ ዓሣ አጥማጅ ነው። ትራሷን ሆዱ ላይ አኖረችለት። እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል።

«አጥብቀህ እቀፋት፣ ልጄ። አንድ ቀን ሸርጣን አመለጠኝና፣ ባሌ ሊቦሪዮ በባዶ እጁ ሲያሳድደው፣ እኔ ጉደኛዋ ጠረጴዛ ላይ ወጥቼ…»

ሰውየው ሳቀ፤ ከዚያም አሳለ።